የቀነጨሩ የኮሪዶራስ ጫጩቶች፦ ምክንያቱን ለይቶ ዕድገታቸውን የመመለስ የአሠራር መመሪያ

«ጫጩቶቹ ከተፈለፈሉ ሁለት ወር አልፏቸዋል፤ ይበላሉ፣ አይሞቱም፣ ነገር ግን ዛሬም የሩዝ ፍሬ ያህል ናቸው። ምን ልመግባቸው?» ኮሪዶራስ የተባለውን ትንሽ የአኳሪየም ዓሣ ከሚያረቡት መካከል ይህን ጥያቄ በልዩ ልዩ አነጋገር ደጋግሞ የሚያቀርብልኝ ሰው ስለበዛ መልሱን በአንድ ቦታ በዝርዝር ማስፈር የተሻለ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። ጥያቄው ስለ ምግብ ቢሆንም መልሱ ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው ከውኃው ነው። ደረጃዎቹን በቅደም ተከተላቸው እንዲከተሉ የማሳስበውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ ውኃው ሳይስተካከል ምግብ መጨመር መቀንጨሩን ያባብሰዋል እንጂ አያድነውም።

መመሪያው የተጻፈው በቤት አኳሪየም በብዛት ለሚረባው ለነሐስማው ኮሪዶራስ (ኮሪዶራስ ኢኒየስ) ሲሆን፣ ልኬቶቹ አዲስ አበባንና መሰል ደጋማ ከተሞችን ታሳቢ ያደረጉ ናቸው። ለፔፐርድና ለፓንዳ ኮሪዶራስም ያለ ብዙ ለውጥ ያገለግላል። መስታወት ላይ ተለጥፎ የሚግጠው አንሲስትረስ የተባለው አምባዛ ግን አመጋገቡ ስለሚለይ በደረጃ 6 መጨረሻ ላይ ለብቻው ጠቅሼዋለሁ።

በእርግጥ ቀንጭረዋልን?

ማስተካከያ ከመጀመርዎ በፊት ሁለት ነገር ያረጋግጡ። አንደኛው ዝርያው ነው። ፒግሚ ኮሪዶራስ የሚባለው ዝርያ ሙሉ በሙሉ አድጎ ከ2.5 እስከ 3 ሴንቲ ሜትር ገደማ ላይ ስለሚቆም፣ ወላጆቹ ትንንሽ ከሆኑ ልጆቹ ትንሽ መሆናቸው ሕመም አይደለም። ነሐስማው ኮሪዶራስ ግን ሲያድግ ከ6 እስከ 7 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል፤ ሴቷም ከወንዱ ትበልጣለች።

ሁለተኛው ዕድሜያቸው ነው። በእኔ ገንዳዎች ጤነኛ የነሐስማ ኮሪዶራስ ጫጩት ከአፍንጫው ጫፍ እስከ ጅራቱ መነሻ ሲለካ በ4 ሳምንት 1 ሴንቲ ሜትር ገደማ፣ በ8 ሳምንት ከ1.5 እስከ 2 ሴንቲ ሜትር፣ በ12 ሳምንት ደግሞ ከ2 እስከ 2.5 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ጥቂት ሚሊ ሜትር ማነስ አያሳስብም። በ8 ሳምንታቸው 1 ሴንቲ ሜትር ያልሞሉ ከሆነ ግን ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ይመለከትዎታል።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

- ከ40 እስከ 60 ሊትር የሚይዝ፣ ታቹ ባዶ የሆነ ወይም በስሱ ደቃቅ አሸዋ የተነሰነሰበት ገንዳ
- በአየር ፓምፕ የሚሠራ የስፖንጅ ማጣሪያ፣ ቢያንስ ለአንድ ወር በሌላ ጤነኛ አኳሪየም ውስጥ የቆየ
- ተጨማሪ የአየር ድንጋይ
- ቴርሞሜትርና ሙቀት የሚቆጣጠር ማሞቂያ (ለአንድ ሊትር ውኃ 1 ዋት ገደማ)
- የአሞኒያ፣ የናይትራይት፣ የናይትሬትና የፒኤች መመርመሪያ (ሦስቱ ከዓሣ ቆሻሻና ከተራረፈ ምግብ የሚመነጩ ውሁዶች ናቸው፤ ፒኤች የውኃውን አሲዳማነት ያሳያል)
- ቀጭን የአየር ቱቦ፣ ነጭ ባልዲና ክዳን የሌለው ሰፊ ሳፋ
- ከፋርማሲ የሚገዛ አዲስ የግሉኮስ ቱቦ ከመቆጣጠሪያው ጋር
- መርፌ የሌለው ስሪንጅ
- የአርቴሚያ (በጨው ውኃ የሚፈለፈል፣ ለጫጩት ምግብ የሚሆን ደቃቅ የውኃ ፍጡር) እንቁላል፣ ጨው፣ ሁለት ባዶ የሃይላንድ ጠርሙስ
- ማስመሪያና ማስታወሻ ደብተር

ደረጃ 1፦ ይለኩ፣ ይመዝግቡ

ታቹ ጠፍጣፋ የሆነ ብርጭቆ መሰል ዕቃ ማስመሪያ ላይ ያስቀምጡና ጥቂት የገንዳውን ውኃ ይጨምሩበት። አሥር ጫጩቶችን ሳይመርጡ አንድ በአንድ አስገብተው ከላይ በስልክዎ ፎቶ ያንሱ። ሲለኩ ጅራቱን አይቁጠሩ፤ ጅራት በቆሻሻ ውኃ ስለሚበላ ልኬቱን ያሳስታል። የአሥሩን አማካይ ከቀኑ ጋር ይጻፉ፤ ይህንንም በየሳምንቱ በተመሳሳይ ቀን ይድገሙት።

ልኬቱ የሚያስፈልገው ዓይን ስለሚያታልል ነው። በየቀኑ የሚታይ ነገር ሲያድግም ሳያድግም አይታወቅም፤ በተጨማሪም በገንዳው ውስጥ ዓይን የሚያርፈው ወጣ ወጣ በሚሉት ትልልቆቹ ላይ እንጂ ጥግ በያዙት ትንንሾቹ ላይ አይደለም።

ደረጃ 2፦ የሌሊቱን ሙቀት ይወቁ

ቴርሞሜትሩን በቀን ሳይሆን ማለዳ 12 ሰዓት ላይ ይመልከቱ። ዓሣ የሰውነቱን ሙቀት ከውኃው ስለሚወስድ፣ ውኃው ሲቀዘቅዝ የምግብ መፈጨቱም ዕድገቱም አብሮ ይዘገያል። በኅዳርና በታኅሣሥ ማሞቂያ የሌለው ገንዳ ሌሊት ከ18 ዲግሪ በታች ሊወርድ ይችላል፤ ቀን 24 ዲግሪ ያዩ ባለቤቶች ይህን አይጠረጥሩም። ለጫጩቶች ከ24 እስከ 26 ዲግሪ ሴልሺየስ ሌት ተቀን ይጠብቁ። ከዚያ በላይ ማሞቅ ግን ጥቅም የለውም፤ ሞቃት ውኃ ኦክስጅን የመያዝ ዐቅሙ ይቀንሳል።

መብራት ሲጠፋ ገንዳውን ከላይ አየር የሚገባበት ክፍተት ትተው በጋቢ ወይም በብርድ ልብስ ይሸፍኑት፤ እስኪመለስም ምግብ አይስጡ። ማጣሪያው ካልሠራ ከሚበሉት የሚመነጨው አሞኒያ ውኃው ውስጥ ይጠራቀማል።

ደረጃ 3፦ ውኃውን ይመርምሩ

አሞኒያና ናይትራይት ዜሮ መሆን አለባቸው፤ ናይትሬት በአንድ ሊትር ከ20 ሚሊግራም በታች፣ ፒኤች ደግሞ ከ6.5 እስከ 7.5 ቢሆን ይመረጣል። አሞኒያ በትንሽ መጠን ሲኖር ጫጩቱን ወዲያው አይገድለውም፤ መተንፈሻውን እያቆሰለ ለዕድገት የሚውለውን ጉልበት ይጨርስበታል። «አይሞቱም፣ ግን አያድጉም» የሚባለው ሁኔታ የሚፈጠረው ብዙውን ጊዜ እንዲህ ነው።

መመርመሪያ ከሌለዎት ጢማቸውን በማጉያ መስታወት ይመልከቱ። የጤነኛ ኮሪዶራስ ጢም ቀጭንና ሹል ነው። አጥሮና ደንዝዞ፣ ጫፉም ቀልቶ ካገኙት ታቹ ቆሽሿል ማለት ነው፤ ጢሙን ያጣ ጫጩት ደግሞ ምግብ ፈልጎ የማግኘት ችሎታው ይደክማል።

ደረጃ 4፦ ውኃውን ቀስ በቀስ ወደ ንጽሕና ይመልሱ

ከሁሉም በላይ ትዕግሥት የሚጠይቀው ደረጃ ይህ ነው። ለረጅም ጊዜ ሳይቀየር የቆየ ውኃ እየዋለ እያደረ አሲዳማ ይሆናል። አሲዳማ በሆነ ውኃ ውስጥ ያለው አሞኒያ በአብዛኛው አሞኒየም በሚባለው፣ ጉዳቱ አነስተኛ በሆነው መልኩ ይቀመጣል። ባለቤቱ ደንግጦ ግማሹን ውኃ በአንድ ጊዜ ሲቀይር ፒኤቹ ይነሣል፤ ተኝቶ የነበረው አሞኒየም ወደ መርዛማው አሞኒያ ይመለሳል፤ ጫጩቶቹም በማግሥቱ ሞተው ይገኛሉ። «ውኃ ስቀይርላቸው ይሞታሉ» የሚለው አቤቱታ መነሻው ይኸው ነው፤ የገደላቸው ግን የመቀየሩ ፍጥነት ነው።

ስለዚህ እንዲህ ያድርጉ፦

ሀ. የቧንቧ ውኃ ከሆነ በሰፊ ሳፋ ቀድተው የአየር ድንጋይ በማስገባት ከ24 እስከ 48 ሰዓት ያቆዩት፤ ክሎሪኑ ይተንናል። የክሎሪን ማጥፊያ ጠብታ ካለዎት በመያዣው ላይ በተጻፈው መጠን ይጠቀሙ። ከሮቶ የሚቀዱትንም ውኃ እንደ ቧንቧ ውኃ ይቁጠሩት፤ ሮቶው በዚያው ቀን ተሞልቶ ሊሆን ይችላል።

ለ. ማሞቂያውን ከሶኬት ይንቀሉ። ቀጭኑን የአየር ቱቦ በመጠቀም ከታች ያለውን ዝቃጭ ወደ ነጩ ባልዲ ይሳቡ። ነጭ ባልዲ የሚያስፈልገው አብሮ የተሳበ ጫጩት ጎልቶ እንዲታይና ተይዞ እንዲመለስ ነው። ባልዲውን ሳይመለከቱ እንዳይደፉት።

ሐ. በመጀመሪያው ሳምንት በየቀኑ ከ10 እስከ 15 በመቶ ብቻ ይቀይሩ። በሁለተኛው ሳምንት ወደ 20፣ በሦስተኛው ወደ 30 በመቶ ከፍ ያድርጉት፤ ከዚያ በኋላ ለሁለት ወር በየቀኑ ወይም በየሁለት ቀኑ 30 በመቶ ይቀጥሉ።

መ. አዲሱን ውኃ በግሉኮስ ቱቦው በጠብታ ያስገቡ። ሳፋውን ከገንዳው ከፍ አድርገው ያስቀምጡና መቆጣጠሪያውን እያላሉ በሰከንድ ሁለት ሦስት ጠብታ እንዲወርድ ያድርጉ። የሳፋው ውኃ ከገንዳው በአንድ ዲግሪ እንኳ እንዳይለይ በቴርሞሜትር ያረጋግጡ። ሦስተኛው ሳምንት ላይ ሲደርሱና የሁለቱ ውኃ ፒኤች ሲቀራረብ ጠብታውን ማፍጠን ይችላሉ።

ደረጃ 5፦ ማጣሪያና አየር

የስፖንጅ ማጣሪያ ሥራውን የሚሠራው በውስጡ በሚኖሩት ባክቴሪያዎች አማካይነት ነው። ስፖንጁን በሳምንት አንድ ጊዜ፣ ከገንዳው በተቀዳ ውኃ ውስጥ ብቻ ሁለት ሦስት ጊዜ ይጭመቁት። እኔ አንድ ቀን ቸኩዬ በቧንቧ ሥር ስላጠብኩት ክሎሪኑ ባክቴሪያውን ጨርሶ፣ ከ40 ጫጩቶች በሦስት ቀን ውስጥ የተረፉልኝ 11 ብቻ ነበሩ።

አየርን በተመለከተ ከፍታውን አይርሱ። በ25 ዲግሪ ሴልሺየስ አንድ ሊትር ውኃ በባሕር ጠለል ላይ 8 ሚሊግራም ያህል ኦክስጅን ሲይዝ፣ ከ2,300 ሜትር በላይ በሆነችው አዲስ አበባ ግን ወደ 6 ሚሊግራም ይወርዳል። ከባሕር ጠለል አጠገብ ለሚኖሩ አርቢዎች የተጻፈ የጫጩት ብዛት እዚህ የማይሠራበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ኮሪዶራስ አልፎ አልፎ ወደ ላይ ወጥቶ አየር መጎንጨቱ ተፈጥሮው ነው፤ በየደቂቃው መመላለስ ከጀመረ ግን ተጨማሪ የአየር ድንጋይ ያስገቡ። ጫጩቶቹ ገና ትንንሽ ሳሉ የውኃውን ጥልቀት ከ10 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር ማድረግም የሚመላለሱበትን ድካም ይቀንሳል።

ደረጃ 6፦ ምግቡ አፋቸው መድረሱን ያረጋግጡ

ኮሪዶራስ የሚበላው ከታች ነው። ላይ የሚንሳፈፍ ዱቄት ለኮሪዶራስ ጫጩት የለም ማለት ይቻላል፤ በኋላ ሰምጦ ጥግ ላይ ይበሰብሳል እንጂ። በዚህ ላይ የጫጩት ሆድ እጅግ ትንሽ ስለሆነ በአንድ ጊዜ ብዙ መስጠት አይጠቅመውም። በቀን ከ4 እስከ 5 ጊዜ ጥቂት ጥቂት ይስጡ፤ አንዱ ጊዜ ማታ የገንዳውን መብራት ካጠፉ በኋላ ይሁን፤ ኮሪዶራስ በጨለምለም ብርሃን ደፍሮ ይመገባልና።

ለቀነጨረ ጫጩት ከሁሉ የሚሻለው አዲስ የተፈለፈለ አርቴሚያ ነው። በአማካይ ግማሽ ሚሊ ሜትር ገደማ ስለሆነ ከጤፍ ፍሬ ያንሳል፤ ይንቀሳቀሳል፤ ፕሮቲንና ስብ አለው።

ሀ. የሃይላንዱን ታች ቆርጠው ጠርሙሱን ይዘቅዝቁት። 1 ሊትር ውኃ፣ አንድ ተኩል የሾርባ ማንኪያ ጨው (25 ግራም ገደማ) እና ቁንጥር ቤኪንግ ሶዳ ያስገቡ።

ለ. ግማሽ የሻይ ማንኪያ እንቁላል ጨምረው የአየር ቱቦው ከታች እስከ ላይ አጥብቆ እንዲያንተከትከው ያድርጉ። ከ26 እስከ 28 ዲግሪ ሙቀት ባለበትና መብራት በሚያገኝበት ቦታ ከ24 እስከ 36 ሰዓት ይፈለፈላል። ክፍሉ ከቀዘቀዘ ጠርሙሱን ሙቅ ውኃ ባለበት ባልዲ ውስጥ ያቁሙት።

ሐ. አየሩን ለ10 ደቂቃ ያጥፉ። ቡናማው ቅርፊት ይንሳፈፋል፤ ብርቱካናማዎቹ አርቴሚያዎች ወደ ታች ይሰበሰባሉ። ከታች አጠገብ አምፖል ቢያበሩ ወደ ብርሃኑ ይጎርፋሉ። ብርቱካናማውን ብቻ በቱቦ ስበው በጥቅጥቅ ጨርቅ አጥልለው በንጹሕ ውኃ ያጥቧቸው። ጨውና ቅርፊት ወደ ጫጩቶቹ ገንዳ መግባት የለበትም፤ ቅርፊቱ የጫጩቱን አንጀት ሊዘጋ ይችላል።

መ. የጫጩቶቹን ገንዳ አየር ለአሥር ደቂቃ ዘግተው አርቴሚያዎቹን በስሪንጅ ታቹ ላይ፣ ጫጩቶቹ ባሉበት በሁለት ሦስት ቦታ ያኑሩላቸው። በተፈለፈሉ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ይጠቀሙባቸው፤ አርቴሚያው የተወለደበትን ስንቅ እየጨረሰ ሲሄድ የምግብነት ዋጋው ይቀንሳል። ዛሬና ነገ እንዳይቋረጥ ሁለቱን ጠርሙስ በፈረቃ ይጀምሩ።

ከ20 ደቂቃ በኋላ በባትሪ መብራት ከጎን ይመልከቱ። የበላ ጫጩት ሆዱ ስስ ስለሆነ የሰናፍጭ ፍሬ የምታህል ብርቱካናማ ነጥብ በግልጽ ትታያለች። ምን ያህሉ ይህች ነጥብ እንዳላቸው ይቁጠሩ። ከአሥሩ አራቱ ባዶ ከሆኑ እነዚያ አራቱ ዛሬ አልበሉም ማለት ነው፤ ገንዳው ውስጥ ምግብ መኖሩ ብቻውን አያጠግባቸውም።

አርቴሚያ ካላገኙ፣ ከሌላ አርቢ ጥቂት ማይክሮወርም ወስደው በቀዘቀዘ የአጃ ገንፎ ላይ ማርባት ይችላሉ፤ የዕቃው ግድግዳ ላይ የሚወጣውን ትል በጣትዎ ጠርገው ይሰጡታል። ደረቅ ምግብ የሚሰጡ ከሆነ የፕሮቲን መጠኑ ከ40 በመቶ ያላነሰውን መርጠው ያልሙት፤ በውኃ አርሰውም በስሪንጅ ያውርዱት። የተረፈውን ከሁለት ሰዓት በኋላ ይሳቡ። በፌስታል ተከፋፍሎ የሚሸጥ፣ ቀኑ የማይታወቅ ምግብ ለጫጩት አይመከርም፤ አየር ያገኘ ምግብ መጀመሪያ የሚያጣው ቫይታሚን ሲ ሲሆን፣ የእሱ እጥረት የጀርባ አጥንትን ያጣምማል።

የአንሲስትረስ ጫጩት ቀኑን ሙሉ የሚግጥ ስለሆነ ዙኪኒ ወይም ቆስጣ በፈላ ውኃ ለአንድ ደቂቃ ነክረው፣ አቀዝቅዘውና በከባድ ነገር አስጥመው ከገንዳው አይለዩበት። አትክልቱን በየ24 ሰዓቱ ይቀይሩ። አትክልት ብቻም አይበቃውም፤ ወደ ታች የሚሰምጥ ፕሮቲን ያለው ምግብ በቀን አንድ ጊዜ ያስፈልገዋል።

ደረጃ 7፦ በመጠን ይለዩአቸው፣ ቦታ ያስፉላቸው

ትልልቆቹ ቀድመው ደርሰው ስለሚበሉ ልዩነቱ በየሳምንቱ ይሰፋል። አንዱ ከሌላው በእጥፍ ከበለጠ ትንንሾቹን ለብቻ ያድርጉ። ከ6 ሳምንት በላይ ለሆናቸው 40 ሊትር ውስጥ ከ25 እስከ 30 ጫጩት ይበቃል። ሲያዛውሩ በመረብ አይያዙ፤ የኮሪዶራስ የክንፍ እሾህ መረብ ውስጥ ይጠላለፋል። በኩባያ ከውኃው ጋር ይቅዷቸው።

ደረጃ 8፦ ከ6 ሳምንት በኋላ ይወስኑ

ማስተካከያው የሠራ እንደሆነ በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ሳምንት በልኬቱ ላይ ይታያል፤ ለአጭር ጊዜ የተጎዳ ጫጩት ወደ ኋላ የቀረውን በከፊል ያካክሳል፤ ለብዙ ወራት የቀነጨረው ግን ከእኩዮቹ አንሶ ሊቀር ይችላል። በደንብ እየበላ ሆዱ ወደ ውስጥ የገባ፣ ነጭና ቀጭን ክር የሚመስል ዓይነ ምድር የሚያወጣ ካለ የአንጀት ትል ሊሆን ስለሚችል ለይተው የእንስሳት ሐኪም ያማክሩ። ከዚያው ጥንድ በተደጋጋሚ የሚወጡት ልጆች ጀርባቸው ከጎበጠ ወይም አንድ ክንፍ ከጎደላቸው፣ ወላጆቹ ወንድምና እኅት መሆናቸውን ያጣሩና አንዱን ከሌላ ቦታ በመጣ ይተኩ።

ማስጠንቀቂያ

- እጅዎን ውኃ ውስጥ ከማስገባትዎ በፊት የኤሌክትሪክ ዕቃዎችን ሁሉ ይንቀሉ። ገመዶቹ ከሶኬቱ በታች ዝቅ ብለው እንዲዞሩ ያድርጉ፤ የሚንጠባጠብ ውኃ ሶኬት ውስጥ አይገባም።
- ከውኃ የወጣ ትኩስ ማሞቂያ ይሰነጠቃል። ውኃው ተመልሶ ሳይሸፍነው አይሰኩት።
- ለበግና ለከብት የተዘጋጀ የትል መድኃኒት በግምት ገንዳ ውስጥ አይጨምሩ፤ መጠኑ የተሠራው በኪሎ ለሚመዘን እንስሳ ነው።
- «ለጤና» ተብሎ ጨው መጨመር ለኮሪዶራስ አይስማማም።
- መብራት ለብዙ ሰዓት ጠፍቶ ከተመለሰ፣ ማጣሪያው እንደገና ከመሥራቱ በፊት ስፖንጁን አውጥተው በገንዳ ውኃ ይጭመቁት፤ በውስጡ የታፈነው ውኃ መርዛማ ሊሆን ይችላል።

በተደጋጋሚ የማያቸው ስሕተቶች

የተቀቀለ የእንቁላል አስኳል መስጠት። ጫጩቱ ከሚበላው የሚበልጠው ተበትኖ በአንድ ሌሊት ውኃውን ያበላሸዋል። የእንጀራና የዳቦ ፍርፋሪም እንዲሁ ነው፤ በላዩም ፕሮቲኑ አይበቃም።

«ዓሣ በገንዳው ልክ ያድጋል» ብሎ መተው። ዕድገቱን የሚገታው የታመቀው ቆሻሻና የምግብ ሽሚያው ነው፤ ትንሽ ገንዳ ውስጥ የተገታ ጫጩት ለቦታው ተስማማ ማለት አይደለም።

ሸካራ ጠጠር ማንጠፍ። አርቴሚያውም ደረቁ ምግብም ከጠጠሩ ሥር ገብቶ ይበሰብሳል፤ ጫጩቱ አይደርስበትም፤ ጢሙም ይበላል።

ሁሉንም በአንድ ቀን መለወጥ፤ ሙቀቱን፣ ውኃውን፣ ምግቡንና ገንዳውን አንድ ላይ። ጫጩቶቹ ቢሞቱም ቢያድጉም ምክንያቱ የቱ እንደሆነ አይታወቅም። ከሙቀቱ ጀምረው በየደረጃው መካከል ቢያንስ ሦስት ቀን ይስጡ። አሞኒያ ወይም ናይትራይት በመመርመሪያው ላይ ከታየ ግን በዚያው ዕለት ምግቡን በግማሽ ቀንሰው ደረጃ 4ን ይጀምሩ።